ያላላኋቸው አሥር ክሮች

እውነቱን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። የአክስቴ ባል ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ሞጣ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ በገና አሥር ክሮች ላይ ተቀምጦ ነበር። ያንን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተናድጄ አይደለም፣ ተሳስቼም አይደለም። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ የጥጥ ጓንት አጥልቄ፣ ቅጽ እየሞላሁ ነው ያጠፋሁት። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች» የሚለውን ተረት ድሮ ስሰማ እስቅ ነበር። አሁን ሲተረት ከሰማሁ ተነስቼ እወጣለሁ።

የቢቸና ልጅ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ግን እናቴ ሞጣ ለምትኖረው እህቷ ሰጠችኝ። እህትየው ልጅ አልወለደችም፤ «ከአራቱ አንዷን ብትልኪልኝ ምን ትሆኛለሽ?» እያለች ስትነዘንዛት ኖራለች። ከአራታችን ነገረኛዋና ለፍላፊዋ እኔ ስለነበርኩ እናቴ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገረችም። አክስቴን እቴቴ እላታለሁ። አንቱ ልላት ብሞክር «አንቱ ካልሽኝ ዛሬውኑ አረጀሁ» ብላ ከለከለችኝ፤ በዚያ ቤት አንቱታ የጋሼ ብቻ ነበር። ጋሼ ባሏ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት ማሽናቸው የሚቀመጠው ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ በረንዳ ላይ ነው። ሐጂ ጨርቁን ይሸጣሉ፣ ጋሼ እዚያው ይሰፉታል፤ ሁለቱ ሲተራረቡ ይውላሉ።

ጋሼ በገና የሚደረድሩት በሁዳዴ ብቻ ነበር። በገናው ከአያታቸው ለአባታቸው፣ ከአባታቸው ለእሳቸው የወረደ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ከግድግዳው ያወርዱታል። ከመደርደራቸው በፊት ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጉሮሯቸው «እምምም» ይላሉ። ድምፃቸው የሚያርፍበትን ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቁታል። ከዚያ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ እያዞሩ ክሮቹን ወደዚያ ድምፅ ያመጧቸዋል። አንዳንድ ቀን ይህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። «ጋሼ፣ ለምን ሬዲዮው ላይ ካለው ዘፈን ጋር አያስተካክሉትም?» አልኳቸው አንድ ቀን። ሳቁብኝ። «ሬዲዮው ይጸልይልኛል? በገና ለሰው ይቃኛል እንጂ ሰው ለበገና አይቃኝም» አሉኝ። ሐጂ ከግድግዳው ማዶ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ፤ «አንተ ሰውዬ! ዛሬ ድምፅህ ወረደ፣ ሽሮው አነሰህ?» ብለው ይጮኹባቸዋል። እቴቴ በሳቅ ትሞታለች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመጀመሪያዋን ስልኬን የያዝኩ ጊዜ ልቅረጽዎ ብዬ መጣሁ። «ጸሎት እንደ በርበሬ ተቋጥሮ አይቀመጥም» አሉኝ። «መስማት ስትፈልጊ ሁዳዴ ላይ ነይ፣ አለሁ።» አለሁ ያሉት ሰውዬ አንድ ክረምት ታመው አልጋ ላይ ዋሉ፣ መስከረምን ሳያዩ ሞቱ። ድምፃቸው በካሴት የለም፣ በስልክ የለም፣ የትም የለም። በለቅሶው ላይ ይህን እያሰብኩ ከእቴቴ ይልቅ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ደግሞ አፈርኩ።

በገና ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በጸጸት ነው ቢባል አልከራከርም። ርእሴ የምሥራቅ ጎጃም አሮጌ በገናዎች አሠራር ሆነ፤ ድምፅ የሚያስተጋባው ሣጥን፣ ገበቴው፣ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው፣ ቆዳው የምን እንደሆነ፣ ክሩ እንዴት እንደተገመደ። ቢቸና ያሉ የልጅነት ጓደኞቼ «እንጨት ለመለካት ነው እንዴ ዶክተር የሚኮነው? ታዲያ አናጺው ምን ይብላ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አምበር ሄጄ ለካሁ፣ ሉማሜ ሄጄ ለካሁ። ያገኘኋቸው ሁሉ የበግ አንጀት ክራቸው ተጥሎ ናይለን ታስሮባቸዋል። የጋሼ በገና ግን አንጀቱ እንዳለ ነበር። እንደሱ ያለ ሌላ አላገኘሁም።

አራት ዓመት እቴቴን ለመንኳት። «ለዩኒቨርሲቲው ስጪው። ብል አይበላውም፣ ጢስ አያገኘውም፣ ስማቸው ከሥሩ ይጻፋል።»

«ስሞት ትወስጂዋለሽ። እኔ እያለሁ ከዚህ ግድግዳ አይነቀልም።»

«ምን ይሠራልሻል? አትደረድሪው!»

«አልደረድረውም» ትላለች።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበረ። በሁዳዴ ከቅዳሴ የምትመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ ያንን ጠብቄ እደውልላታለሁ። ኔትወርክ ያለበትን ቀን ፈልጌ፣ ስንት ሙከራ ሞክሬ ነው የማገኛት። ሁለት ደቂቃ ሳናወራ «በይ ደኅና ሁኚ፣ ሥራ አለብኝ» ትላለች። «የምን ሥራ ነው እቴቴ? ብቻሽን ለምትኖሪ ሴትዮ!» «አለብኝ አልኩሽ እኮ።» ትዘጋዋለች። እኔ ደግሞ ኩርፊያ አያጣኝም፤ ልጇ እንዳልሆንኩ ያኔ ታየኝ እያልኩ ለእናቴ እከሳት ነበር።

በመጨረሻ ማውጣቱን ትቼ እዚያው ቤቷ ልለካው ፍቀጂልኝ አልኳት። እሺ አለች። ያ ዓመት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ነው። በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ ሲባል ከቢቸና በጠዋት ሚኒባስ ይዤ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ገባሁ። በማግስቱ እቴቴ ነጠላዋን ደርባ ወደ ቅዳሴ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ቀስ አድርጊው» አለችኝ። «ሥራዬ ነው እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ። አንቺ ታውቂበታለሽ» ብላኝ ሄደች።

አማካሪዬ የሰጡኝ ቅጽ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ፣ ቀጥሎ ቆዳው፣ ከዚያ ክሩ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ቅኝቱ። ክሩን የሚመለከተው ገጽ «ከልኬት በፊት ክሮቹን ማላላት ያስፈልጋል» ይላል፤ ተወጥሮ የኖረ ክር ያረጀ እንጨት ያጣምማልና ነው። በገናውን አወረድኩት፣ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወሰድኩት፣ ስልኬን ፊት ለፊቱ አቁሜ ቪዲዮ ማንሳት ጀመርኩ። አንዱን ክር በጣቴ ጫን ሳደርገው ጥብቅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያልተደረደረ በገና! አንጀት እኮ እርጥበትም ድርቀትም ይጫወትበታል፤ ሲሆን ሲሆን ረግቦ መንጠልጠል ነበረበት። ደሜ ፈላ። «ማን ነው ይሄን የነካካው!» አልኩ ብቻዬን። ጥንታዊ ዕቃ ላይ ሰው እጁን ካስገባበት ማስረጃነቱ ቀረ ማለት ነው። አንደኛው መቃኛ ሥር እንዳይንሸራተት ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል፤ ከነጠላ ጫፍ የተመዘዘ ነው። በወረንጦ ነቅዬ ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። ቅጹ ላይ «በቅርብ ጊዜ በማይታወቅ ሰው ተነካክቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አሥሩንም አላላኋቸው። መቃኛዎቹ ሲጥ ሲጥ ይሉ ነበር። ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ «ቅኝት» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ብዬ ሞላሁ። ሥራዬን ጨርሼ መልሼ ሰቀልኩት። ኮራ ብዬም ነበር።

እቴቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ እጇን ታጠበች፣ ጠረግ ጠረግ አደረገች፣ ወደ ግድግዳው ሄደች። በገናውን አወረደችና ጋሼ ሲደረድሩ ይቀመጡባት በነበረችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ክር ነካችው። ክሩ ቆዳውን ቸብ አድርጎ ዝም አለ። ሁለተኛውን ነካች። ሦስተኛውን። አሥሩንም አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ነካቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ነው ያላላቸው?»

«እኔ ነኝ። እንዳይጎዳ ብዬ ነው እኮ፤ ክር ተወጥሮ ሲኖር እንጨቱን ያጣምመዋል።» ማስተማሬን ቀጠልኩ፣ ወይ አለማወቅ! «ደግሞ የሆነ ሰው ሲነካካው ከርሟል እቴቴ። ማን እንደሆነ ባገኘው!»

«እኔ ነኝ» አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ነገሩን የነገረችኝ በገናውን እቅፏ ውስጥ እንደያዘች ነው። ጋሼ በመጨረሻው ሁዳዴያቸው ለራሳቸው ቃኝተውት ሰቀሉት። እሷ መደርደር አታውቅም። ግን አንዱ ክር ሲወርድ ጆሮዋ ያውቀዋል። «ሌሎቹ ይነግሩኛል» አለች። «አንዱ ሲሳሳት የቀሩት ይመሰክሩበታል፤ እኔ ያንን መልሼ አጠብቀዋለሁ።» በሁዳዴ በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ፣ በሌላው ጊዜ እሑድ እሑድ። አሥሩን አንድ አንድ ጊዜ ትነካቸዋለች፤ ሌላ ነገር የለም። «ስነካቸው ጋሼሽ ሊጀምሩ ሲሉ ነው። ያ እምምም የሚሉት። ልክ እዚያ ላይ ነበር የሚያርፈው።» የምትቸኩልበት ሥራዋ ይህ ነበር።

ውሃ ሆንኩ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!» ብዬ ጮህኩባት። አዎ፣ ጮህኩባት። አመሌ ነው፣ ሳጠፋ እጮኻለሁ።

«አንቺ አይደለሽ የተማርሽው? ታውቂዋለሽ ብዬ ነዋ» አለችኝ። ቀጠለችና «በይ ነይ፣ እህል ሳትቀምሺ ነው የዋልሽው» ብላ ምሳ አቀረበች። ምስሩን ወደ እኔ በኩል ትገፋልኛለች። «አፈር ስሆን ብዪ» ትለኛለች። ያኔ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀላል ነው፣ መልሰን እንቃኘዋለን አልኳት። ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ አለ፤ ከፈትኩት። እሷ ግን «አንዱን ብቻ ስጪኝ» አለች። «አንዱ በቦታው ከቆመልኝ የቀሩትን እኔ አመጣቸዋለሁ።» አንዱን! አንዱን ከየት ላምጣው? አፑ የዓለምን ድምፅ ሁሉ ያውቃል፤ የጋሼን አያውቅም። በጠዋቱ ያነሳኋቸውን ቪዲዮዎች እየደጋገምኩ ከፈትኳቸው፤ ምናልባት እጄ አንዱን ክር ሳላላው ነክቶት እንደሆነ ብዬ። የሚሰማው የመቃኛው ሲጥታና የራሴ ማጉረምረም ነው። «ማን ነው ይሄን የነካካው!» የኔ ድምፅ ጥርት ብሎ ተቀርጿል።

በማግስቱ ሐጂ መጡ። የሮመዳን ጾም ከሁዳዴ ጋር የገጠመበት ጊዜ ስለነበር እሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ ማፍጠሪያው ሳይደርስ ብለው ከሱቅ ቀጥታ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ሳይቆጡኝ ቀሩ፤ «አይ ልጄ፣ አይ ልጄ» ብቻ ይላሉ። ከዚያ አንድ ነገር አሰቡ። «እኔ እሱን ስሰማው የኖርኩት ከግድግዳው ማዶ ነው። እዚህ ተቀምጬ አላውቀውም። ቤቴ ልግባ፤ እናንተ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ፣ ልክ ሲመጣ ግድግዳውን እመታለሁ።»

ሄዱ። በራቸው ሲዘጋ ሰማን። እኔ መቃኛውን ይዤ በትንሽ በትንሹ አዞራለሁ፣ እቴቴ ክሩን ትነካለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። አራተኛው ላይ ግድግዳው ዷ ዷ አለ! «መጣ!» አልኩ።

እቴቴ ክሩን ደግማ ነካችው። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ይሄ አይደለም» አለች።

ጨምሬ አጠበቅሁት። እሷ «ትንሽ፣ ትንሽ... እዚህ ጋ ይመስለኛል» ስትል ከማዶ ጸጥ አለ። መልሼ ሳወርደው ግድግዳው ይመታል፣ እቴቴ ደግሞ ፊቷ ይጨልማል። ሐጂ ተመልሰው መጡ። «እህቴ ሙች፣ ይኸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ» አሉ። እቴቴ «እኔ አጠገባቸው ነበርኩ» አለች። ሁለቱም እየማሉ ነው፣ ሁለቱም ይወዷቸዋል፣ ሁለቱ የያዙት ድምፅ ግን አንድ አይደለም። ሐጂ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «ጭቃው ያወፍረዋል መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው። አዛን ሲሰማ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠርገው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ ብቻዋን ሞከረች። እኔ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ ጆሮዬን ጥያለሁ። እሷ ራሷ በጉሮሮዋ «እምምም» ትላለች፣ ታቆማለች፣ ደግማ ትጀምራለች። እኔ በልቤ እግዚአብሔርን አንድ ክር ለመንኩት፤ ሌላ ምንም አልለምንህም አልኩት። ከዚያ ዝም አለች። ስገባ በገናው ጭኗ ላይ ነው።

«አሁን እኔ ራሴ የት እንደነበረ ጠፋኝ» አለች። «ስንሞክረው፣ ስንሞክረው፣ ጆሮዬ ውስጥ የነበረውም ተቀላቀለብኝ። የሐጂ ይሁን የኔ አላውቅም።» መዳፏን ክሮቹ ላይ አሳረፈች። «ተይው ልጄ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።»

እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ምን ቆርጦሽ!» ብላ በሁለት እጇ አነሳችኝ። ጸጉሬን ደባበሰችኝ። እኔ እያለቀስኩ እሷ ታጽናናኛለች፤ እስቲ ይህ ምን ይባላል? ከዚያ ጋቢዋን ከአልጋው ላይ አንስታ በገናውን ጠቀለለችው፤ ጫፎቹን አጠፈች፣ በመቀነቷ አሰረችው።

«ውሰጂው» አለችኝ። «ስትፈልጊው የነበረው እንጨቱን አይደል? አሁንማ እንጨት ነው።»

ለመጉዳት ብላ አልነበረም። እቴቴ መርዝ መናገር አታውቅም። እውነቱን ነው የነገረችኝ። አልወስድም ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ተከራከርኩ። ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ ሲያያት መኖሩን እንደማትችለው ነገረችኝ። ስለዚህ ወሰድኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሰው ቦታ ይዤ እስከ ቢቸና ጭኔ ላይ አድርጌው ሄድኩ። እናቴ ከበሩ ላይ ስታየኝ ጋቢውን አወቀችው። «ሰጠችሽ? አራት ዓመት የለመንሽው! እሰይ!» ብላ እልል አለች። አስቆምኳት፤ ግን አንዴ ወጥቷታል።

ጥናቱ ተመሰገነ። የጋሼ በገና አሁን በመስታወት ውስጥ ነው፤ ብል አይበላውም፣ ጢስ አያገኘውም፣ ስማቸው ከሥሩ ተጽፏል። ቅጹን አርሜ «በሚስታቸው ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀ ቅኝት ነበረው፤ በአጥኚዋ እጅ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩበት። አማካሪዬ ይህ የግል ጉዳይ ስለሆነ ይውጣ አሉኝ። እኔም እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ አልኳቸው። ሳይወጣ ቀረ። ነጭዋ ክር ግን ከእኔ ጋር ናት፤ ቦርሳዬ ውስጥ፣ በዚያችው ፕላስቲክ።

ዘንድሮም ሁዳዴ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን እደውላለሁ። ኔትወርኩ አንዳንድ ቀን ይሠራል። እቴቴ ስለ ኑሮ ውድነት ትነግረኛለች፣ ስለ ሐጂ ጉልበት ሕመም ትነግረኛለች፣ ጎረቤት ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ምን እንደበላሁ፣ ብርድ እንዳይመታኝ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያም ያልፋል። የማወራው አልቆብኝ ዝም ስል እሷም ስልኩን ሳትዘጋ ዝም ትላለች። «እቴቴ፣ ሥራ የለብሽም?» አልኳት አንድ ቀን፣ አፌን በቆረጠው።

«የለብኝም» አለች። «አውሪኝ።»